ክርክር፦ ቻይንኛ በዓረፍተ ነገር አሠራሩ የሚቀርበው ለእንግሊዝኛ ነው ወይስ ለአማርኛ?

ጠያቂ፦ ቻይንኛ ልጀምር ነው። የያዝኩት መጽሐፍ ቃላቱ እንደ እንግሊዝኛ ስለሚደረደሩ እንግሊዝኛ ለሚችል አይከብድም ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ "እንግሊዝኛውን ተወው፣ በአማርኛ አስብ" ይለኛል። የማንን ልስማ?

የእንግሊዝኛ መምህር፦ መጽሐፉ ልክ ነው። "ዎ ቺ ፋን" ማለት እኔ፣ እበላለሁ፣ ሩዝ ነው፤ እንግሊዝኛውም "አይ ኢት ራይስ" ነው። እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ እናመጣለን። ደግሞ "አልሰበርኩትም" የምትለዋ አንዲት ቃላችን አድራጊውንም ተደራጊውንም አሉታውንም ይዛለች። ቻይንኛ ሁሉንም በየራሱ ቃል ነው የሚናገረው።

አስተርጓሚ፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። ዱከም ፋብሪካ ውስጥ ሳስተረጉም የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሠቃየኝ ይኸው ምክር ነው። አለቃው "ዙዎትየን ዳኦ ደ ጂቺ ኋይ ለ" ይላል። በየተራው፦ ትናንት፣ የመጣው፣ ማሽን፣ ተበላሸ። አንድም ቃል ቦታውን አልለቀቀም! "ደ" የእኛን "የ" ሥራ ትሠራለች፤ የእኛዋ ከፊት ትለጠፋለች፣ የእነሱ ከኋላ ትከተላለች። እንግሊዝኛ ግን መጀመሪያ ማሽኑን ይጠራል፣ ከዚያ መምጣቱን፣ ከዚያ ትናንትን። እኔ በጭንቅላቴ ወደ እንግሊዝኛ ገልብጬ፣ መልሼ ወደ አማርኛ እስክገለብጥ ሰውዬው ሌላ ሁለት ነገር ተናግሮ ይጨርሳል።

"ታ ቢ ዎ ጋኦ"ስ? እሱ ከእኔ ይረዝማል። እዚህም ቅደም ተከተሉ የእኛው ነው።

ከሁሉ ግን የምወደው "ላይ ለ" የሚለውን ነው፤ "ላይ" መምጣት ማለት ነው። አስተናጋጅ ሲጠራ ገና ከጓዳ ሳይወጣ "ላይ ለ!" ይላል። የእኛም ሰው "መጣሁ!" ነው የሚለው፣ ሳይደርስ። ተሰናባች "ዎ ዞው ለ" ሲል እኛም ከወንበር እየተነሣን "በሉ ሄድኩ" እንላለን። "ለ"ን የኃላፊ ጊዜ ምልክት ነው ብሎ የተማረ እዚህ ላይ ግራ ይገባዋል።

የሥነ ልሳን ተማሪ፦ የመጽሐፉ አመለካከት ሥር አለው። ቻይናዊው ምሁር ማ ጂየንጆንግ በ1898 ባሳተመው የቻይንኛ ሰዋስው የተከተለው የላቲንን መንገድ ነበር። በ1968 ደግሞ የሥነ ልሳን ሊቁ ጃኦ ዩዌንረን የቻይንኛ ባለቤትና ማሰሪያ ከአድራጊና ድርጊት ይልቅ "የሚወራለት ነገር" እና "የሚባልለት ነገር" ናቸው ሲል ጻፈ። "ዳ ሺያንግ ቢዝ ቻንግ" ማለት ዝሆን ኩምቢው ረጅም ነው። አማርኛው ሳይጨነቅ ተቀበለው፤ እንግሊዝኛ ግን "ዝሆን ረጅም ኩምቢ አለው" ወደሚል አሠራር ይዞራል።

መምህር፦ የ"መጣሁ"ውን አላሰብኩትም ነበር፤ ተቀብያለሁ። ግን ልጁን አታሳስቱት። "መብላት እፈልጋለሁ" ለማለት "ዎ ያኦ ቺ ፋን" ነው፤ "እፈልጋለሁ" ከፊት ይመጣል፣ እንደ እንግሊዝኛው። በአማርኛ ካሰበ ግሱን ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። መዝገበ ቃላቱንስ በየት ቋንቋ ያገኛል?

አስተርጓሚ፦ በግሱ ቦታ ልክ ነዎት። ግን እሱም ይንቀሳቀሳል፤ በሩ የታወቀ በር ሲሆን "ዎ ባ መን ጓን ለ" ይባላል፤ በሩ ቀድሞ ግሱ ኋላ ይሆናል፣ "በሩን ዘጋሁት" እንደምንለው። መዝገበ ቃላቱ በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ግድ የለም። ዓረፍተ ነገሩን ግን በአማርኛ አስረዱት።

ጠያቂ፦ "ማይ" መግዛት፣ "ሹ" መጽሐፍ ከሆነ "የገዛሁት መጽሐፍ" "ዎ ማይ ደ ሹ" ነው ማለት ነው?

አስተርጓሚ፦ ነው።