እናቶችም ይቆጠሩ፦ የቤተሰብ ማኅበራችን የዘር ሐረግ ዕቅድ

ፀሐፊዋ፣ ከዚራ
ሰላም ናችሁ ዘመዶቼ? ባለፈው እንደተስማማነው ረቂቁን ይዤ መጥቻለሁ። ሦስቱ ቤቶቻችን የት የት ላይ እንደሚገናኙ አጣርተን ለልጆቻችን የሚተላለፍ አንድ የዘር መዝገብ እናዘጋጅ ነው የምለው። ቤቶቻችንን ከመሠረቱት ከሦስቱ የምድር ባቡር ሠራተኞች ተነስተን ወደ ታች ብንወርድስ? ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው ድሬ ዳዋም የተቆረቆረችው። የኛም ታሪክ እዚህ የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው። ለቁልቢ ገብርኤል ከውጭም ከአዲስ አበባም የሚመጣ ዘመድ ስለሚበዛ፣ ከታኅሣሥ 19 ማግስት ብንሰባሰብ ጥሩ ይመስለኛል። ሐሳባችሁን ጨምሩበት።

እትዬ፣ ለገሃሬ
ተባረኪ ልጄ። ግን ከሦስቱ ወንዶች ከተነሳን እኛ መች እንገናኛለን? ወንድማማች አይደሉም እኮ። አንዱ ከመንዝ፣ አንዱ ከጉራጌ፣ አንዱ ከሐረር ዙሪያ ለሥራ የመጡ ናቸው። ያዛመዱን ሚስቶቻቸው ናቸው። ሁለቱ እህትማማቾች ነበሩ። ሦስተኛዋ ደግሞ የመንዙ ሰውዬ እህት ናት፤ ወንድሟን ልትጠይቅ መጥታ እዚሁ ተዳረች።
ሰባት ቤት ሲቆጠር «እከሌ የእከሌ ልጅ» እየተባለ በአባት ነው የሚወጣው። ሴቷ በአባቷ ትጠራለች፣ ልጆቿ በባሏ ይጠራሉ። ሁለት ትውልድ ሲያልፍ የሚያስታውሳት የለም። አያቴን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት አማቷ ባወጣችላት ስም ነበር። አባቷ ያወጣላት ሌላ ነው። የክርስትና ስሟን የሰማሁት ደግሞ ፍትሐቷ ላይ ነው። ሦስቱንም ካልጻፍሽ፣ የልጅ ልጆቻችን ሦስት ሴቶች ነበሩ ብለው ይቆጥሯታል።

ፀሐፊዋ፣ ከዚራ
እውነትዎን ነው እትዬ። ረቂቁን ለውጬዋለሁ። እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ይነሳል። ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት እያለ በእናትም በአባትም ወደ ላይ ይወጣል። ለእያንዳንዷ ሴት አባቷ ያወጣላትን ስም፣ አማቷ ያወጣችላትን የሙሽራ ስም፣ የክርስትና ስሟን እና የመጣችበትን አገር እንጽፋለን። ሁላችንም ሞልተን ስናመጣ መገናኛው ራሱ ይወጣል።

የሳቢያኑ
ወረቀት ከየት ይምጣ የሚለው ነው የሚያሳስበኝ። የልደት ምዝገባ በአገራችን ደንበኛ ሆኖ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው እንደየቤቱ ነው። የኛ ቤት ሰነድ ደግሞ በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ሄዷል። ፎቶ እንኳ አልተረፈም።
እኔ የእድር መዝገብ እንይ እላለሁ። እድር ለማን ሞት ምን ያህል እንደሚከፍል ደንብ አለው። ለወላጅ፣ ለልጅ፣ ለእህት ወንድም፣ ለአማት ይለያያል። ስለዚህ ክፍያው ሲመዘገብ ዝምድናውም አብሮ ይጻፋል። «የሚስቱ እናት አርፈው» ተብሎ የተጻፈ አንድ መስመር ከቀኑ ጋር ሲገኝ ትልቅ ነገር ነው። እትዬ ያሏቸው ሴቶች እዚያ ውስጥ አሉ። የሁለት እድር ዳኞች አውቃለሁ፣ አናግራቸዋለሁ።

ከጅቡቲ
አቦ ይሄ የእድሩ ነገር ግሩም ነው! እኔ ጋ ደግሞ የአያቴ የባቡር ሥራ ወረቀቶች አሉ፤ በፈረንሳይኛ ናቸው። ፎቶ አንስቼ እልካለሁ። ስታነቡ ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ዓመቱ የአውሮፓ ነው። 1935 የሚል ካያችሁ በኛ እስከ መስከረም ድረስ 1927፣ ከዚያ በኋላ 1928 ነው። ደግሞ ፈረንሳይ «ሸ»ን የሚጽፍበትን በእንግሊዝኛ ያነበበ «ቸ» ይለዋል። ሽፈራው «ቺፈራው» ሆኖ ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ። ቀኑም ስሙም መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ እንዳለው ይገልበጥ፣ የኛ ንባብ ከጎኑ ይጻፍ።

ከአዲስ አበባ
ለምን ሁላችንም የዲኤንኤ ምርመራ አንልክም? ክርክሩ ባንዴ ያልቃል።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፣ ሳቢያን
አያልቅም ወንድሜ። የአጎትና የአክስት ልጆች ከዲኤንኤያቸው በአማካይ 12.5 በመቶ ይጋራሉ። ሁለት ወንድማማቾች ሁለት እህትማማቾችን ካገቡ ግን ልጆቻቸው 25 በመቶ ይጋራሉ። በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ እህትና ወንድም የሚጋሩትም ይኸንኑ ያህል ነው። እኛ ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ጋብቻ አለ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው የሌለ ነገር ሊጠረጥር ይችላል። በሌላ በኩል አምስት ትውልድ ወደ ኋላ ሄደው የሚገናኙ ዘመዳሞች ግማሽ ያህሉ በምርመራ የሚታይ ነገር ላይጋሩ ይችላሉ። ዘመድ አይደላችሁም ማለት ግን አይደለም። መጀመሪያ የሰው ቃልና ወረቀት እንሰብስብ። ምርመራው ለተወሰነ ጥያቄ፣ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ብቻ፣ በኋላ ይምጣ። አንዱ ሲመረመር የወንድሙም የልጁም ምስጢር አብሮ ይወጣልና።

የሳቢያኑ
እስማማለሁ። የጉዲፈቻ ልጆችስ?

እትዬ፣ ለገሃሬ
ያሳደገ አባት ነው። ያሳደገችም እናት ናት። የወለደውንም ያሳደገውንም ጻፉ፣ ግን በሕይወት ያለ ሰው «ተውልኝ» ካለ ይተውለት። እማኝ ሆኜ የማውቀው ነገር አለ፤ የነገሩ ባለቤት ሳይፈቅድ ከአፌ አይወጣም።

የእህታችን ባለቤት፣ ገንደ ቆሬ
እኛ ኢሳዎች አብቲርሲን፣ የአባት ለአባት የዘር ቆጠራችንን፣ በልጅነታችን ነው በቃል የምንይዘው። ልጆቼ በኔ በኩል አባት ለአባት ያለውን አሁኑኑ ይቆጥሩላችኋል። እትዬ እንዳሉት ግን የእናቴን እናት ስጠየቅ ሁለት ስም ላይ ቆምኩ። ሐርላ ያለችውን አክስቴን እጠይቃለሁ። እኛንም አስገቡን።

ፀሐፊዋ፣ ከዚራ
እንዴታ! ልጆቻችሁ የኛም ናቸው።
እንግዲህ ለጉባኤው የሚቀርበው እንዲህ ሆኗል። መነሻው እያንዳንዱ አባል ነው፤ በእናትም በአባትም እስከ ቅድመ አያት ይሞላል። ከሁሉም በፊት የአዛውንቶች ድምፅ ይቀረጻል፣ ምክንያቱም ወረቀት ይጠብቃል፣ እነሱ ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል። ከዚያ የእድር መዝገብና የባቡር ወረቀት ይከተላል። ለያንዳንዱ ቃል ማን እንደነገረንና መቼ እንደነገረን ይጻፋል። ሁለት ሰው የተለያየ ከነገረን ሁለቱም ይቀመጣል እንጂ አንዱ አይፋቅም። በሕይወት ያሉ ሰዎች ዝርዝር ለማኅበርተኛ ብቻ ይታያል። ዲኤንኤው ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ። ተቃውሞ ያለው እስከ እሑድ ይጻፍልኝ።

ከአዲስ አበባ
ተቃውሞ የለኝም። የመቅረጫውን ወጪ እኔ እችላለሁ።

እትዬ፣ ለገሃሬ
ተባረክ። እንግዲያው ከመጋላዋ አክስታችን እንጀምር፣ ከሁላችንም ትልቅ እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት ነው የምትጫወተው፣ ከሰዓት ይደክማታል። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ መቅረጫውን ይዘሽ ነይ፤ እኔ ቀድሜ ሄጄ እነግራታለሁ።