የጃፓን ወታደራዊ ጎራዴ ልገዛ ነው፤ ዋጋውን በምን ልለካ?

ጥያቄ — ጀማሪ ሰብሳቢ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሜሪላንድ በአንድ የሟች ንብረት ሽያጭ ላይ ሁለት የጃፓን ጎራዴዎች ቀርበዋል፤ እስከ ቅዳሜ መወሰን አለብኝ።

አንደኛው እጀታው ቡናማ ጥብጣብ የተጠመጠመበት ሲሆን ከጥብጣቡ ሥር ነጭ ሸካራ ቆዳ ይታያል። የእጅ መከታው ላይ የቼሪ አበባ አለ። አፎቱ ቡናማ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፤ መስቀያ ቀለበቱ አንድ ብቻ ነው። ሻጩ «የ300 ዓመት የሳሙራይ ጎራዴ ነው» ብሎ 1,400 ዶላር ጠይቋል። ሁለተኛው እጀታው ሙሉ በሙሉ ብረት ነው፤ የጥብጣቡ መልክ ብረቱ ላይ በቅርጽ ወጥቷል። ስለቱ ላይ ባለ 5 አኃዝ ቁጥር ተመትቶበታል። ዋጋው 700 ዶላር ነው።

ሁለቱም ትንሽ ዝገት አላቸው፤ ገዝቼ ልወለውላቸው አስቤያለሁ። ከመክፈሌ በፊት ምን ልይ?

መልስ — ጋሽ ባለአፎት

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ዝገቱን አትንካው። የብርጭቆ ወረቀት፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ፣ የዝገት ማስለቀቂያ፣ ሎሚም ቢሆን አይጠጋው። በተለይ እጀታው ውስጥ ተደብቆ የሚቀረው የስለቱ ጭራ አለ፤ ናካጎ ይባላል። የናካጎ ዝገት የዕድሜው ምስክር ነው። ከተፈገፈገ ዋጋው በዚያው ይወድቃል፤ የሚመልሰውም ባለሙያ የለም።

ሁለቱ ጎራዴዎች ዘራቸው ለየቅል ነው። የጃፓን መኮንን ጎራዴውን የሚገዛው በራሱ ገንዘብ ነበር። ስለዚህ ውጪው አንድ ዓይነት ሆኖ ውስጡ የፋብሪካ ስለት፣ በእጅ የተቀጠቀጠ የዘመኑ ስለት፣ ወይም ከአያት ቅድመ አያት የወረደ የብዙ መቶ ዓመት ስለት ሊሆን ይችላል። የበታች ሹማምንቱ ጎራዴ ግን የመንግሥት ንብረት ነው። በማሽን ተሠርቶ፣ ቁጥር ተመትቶበት እንደ ጠመንጃ ይታደል ነበር።

የመጀመሪያው በ1938 የወጣው የመኮንን ጎራዴ፣ ዓይነት 98 ይመስላል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከእሱ በፊት የነበረው የ1934ቱ ዓይነት 94 መስቀያው ሁለት ነው። ሁለተኛው ያለጥርጥር በ1935 የወጣው ዓይነት 95፣ የበታች ሹም ጎራዴ ነው። የ1937ቱ የባሕር ኃይል ጎራዴ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር አፎትና ሁለት መስቀያ አለው። መከታው እንደ አውሮፓ ፈረሰኛ ጎራዴ ጣት የሚሸፍን ቅስት ከሆነ ደግሞ ከ1934 በፊት የነበረው ኪዩ-ጉንቶ ነው።

«300 ዓመት» የሚለው ወሬ ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም። ማስረጃው ግን እጀታው ሥር ነው። ሻጩ እንዲከፈት ካልፈቀደ፣ ዋጋውን ተራ የፋብሪካ ስለት እንደሆነ ቆጥረህ ስጥ። ከዚያ በላይ አንድ ዶላር አትጨምር።

መልስ — ቀጥቃጭ

አከፋፈቱን ልጨምር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ዕቃ የሚያበላሸው፣ እጁንም የሚቆርጠው።

እጀታው ላይ ከመከታው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ከጥብጣቡ መሐል ትንሽ የቀርከሃ ችንካር ታያለህ። መኩጊ ይባላል። አንዱ ጫፉ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም ነው፤ የሚመታው ከቀጭኑ ወገን ነው። በተቃራኒው ከመታኸው እዚያው ይሰነጠቃል። ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የናስ ዘንግ ወይም የቀርከሃ እንጨት ተጠቀም፤ የብረት ሚስማር ቀዳዳውን ያበላሻል። አንዳንዶቹ ላይ በቀርከሃ ፋንታ ብሎን አለ።

ችንካሩ ከወጣ በኋላ ጎራዴውን በግራ እጅህ ከእጀታው መጨረሻ ላይ ያዝ። ስለቱ ወደ ላይ ቆሞ በትንሹ ያዘንብል፣ የሚቆርጠው ወገን ከአንተ ተቃራኒ ይሁን። በቀኝ ጡጫህ የግራ እጅህን አንጓ መታ መታ አድርግ። ስለቱ በንዝረት ቀስ እያለ ይነሳል። ሲላላ ከመከታው በላይ ያለውን የናስ አንገትጌ (ሐባኪ) በጨርቅ ይዘህ ሳበው። ስለቱን በባዶ እጅ አትንካው፤ የጣት ላብ በቀናት ውስጥ ያዝገዋል።

አሥር አሥራ አምስት ጊዜ መትተህ ካልተነቃነቀ ተወው። በመዶሻ መከታውን የሚመታ ሰው እጀታውን ይሰነጥቃል። ሲወጣልህ ቀለበቶቹንና መከታውን በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድር፤ ፎቶም አንሳ። እያንዳንዱ ላይ 2 ወይም 3 አኃዝ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ተመትቶ ይገኛል፤ አንድ ዓይነት ከሆነ ዕቃው አልተቀያየረም ማለት ነው።

ዓይነት 95ን ግን አትክፈተው። በብሎን የታሰረ ነው፤ ውስጡ ፊርማ የለም። ብሎኑን ጭረህ ታበላሸዋለህ እንጂ የምታገኘው ነገር የለም።

መልስ — ናስና መዳብ

ሁለተኛው ላይ እኔ ልናገር። ዓይነት 95 በብዛት አስመስለው የሚሠሩት ነው፤ ለጀማሪ ወጥመድ ነው።

መጀመሪያ ስለቱ ላይ ያለውን ቁጥርና አፎቱ አፍ አካባቢ ያለውን ቁጥር አመሳክር። እውነተኛው ጥንድ አንድ ቁጥር አለው። አኃዞቹ ቀጭን፣ እኩል ጥልቀት ያላቸውና የተሰለፉ ናቸው። አስመስሎ የተሠራው ላይ አኃዞቹ ወፍራምና ዘመም ያሉ፣ አንዳንዴም በመቅረጫ የተፋቁ ናቸው።

ቀጥሎ መቆለፊያዋን ሞክር። ጎራዴው አፎቱ ውስጥ ሲገባ ጥርት ብላ መቆለፍ፣ ስትጫናት ደግሞ መልቀቅ አለባት። በሐሰተኞቹ ላይ ወይ አትቆልፍም ወይ ትወዘወዛለች። የመጀመሪያዎቹ እጀታዎች መዳብ ናቸው፤ በብዛት የሚገኙት ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ናቸው፤ በ1944 እና 1945 የተሠሩት እንጨት ናቸው። አሉሚኒየሙ ላይ ቀለሙ እጅ በሚነካው ጎላ ጎላ ባለ ቦታ ላይ ተልጦ ጎድጓዳው ውስጥ መቅረት አለበት። በየቦታው እኩል «ያረጀ» ቀለም ሲታይ ሰው ያስረጀው ነው።

በመኮንን ጎራዴ ላይ ደግሞ ሐሰተኛውን የሚያጋልጡት እነዚህ ናቸው፦ ነጩ ቆዳ ፕላስቲክ ይሆናል (እውነተኛው የሬይ ዓሣ ቆዳ ነው፤ የፍሬዎቹ መጠን ይለያያል)፤ ጥብጣቡ ላላ ብሎ በጣት ይንሸራተታል፤ የናሱ ጌጥ ላይ የአየር ቀዳዳ ይታያል፤ ናካጎው ብርቱካናማ ዱቄት የመሰለ ዝገት አለው። የአሮጌ ናካጎ ዝገት ጥቁር ቡናማ ነው፣ እንደ ቆዳ የደረቀ ነው፣ ጨርቅ ላይ አይለቅም።

ጀማሪ ሰብሳቢ

እናመሰግናለን። ሻጩ ፈቅዶ የመጀመሪያውን ከፈትነው። ናካጎው ጥቁር ቡናማ ነው፤ ቀዳዳው አንድ። በአንድ ወገን አምስት ፊደላት፣ ከነሱ በላይ በክብ ክፈፍ ውስጥ አንድ ትንሽ ፊደል ያለበት ማኅተም አለ። በሌላው ወገን ሁለት ውስብስብ ፊደላት፣ ቀጥሎ መስቀል የመሰለ፣ ቀጥሎ ጭራው የተቆለመመ መስቀል የመሰለ፣ ከዚያ ሌሎች፣ ከነሱም መሐል ሁለት ዘንበል ያሉ ጭረቶች አሉ። መከታውና ቀለበቶቹ ሁሉም 47 ናቸው፤ አንድ ቀለበት ብቻ 112 ይላል። ዓይነት 95ቱ ላይ የስለቱና የአፎቱ ቁጥር አይመሳሰልም።

መልስ — ቀጥቃጭ

ቀኑን አግኝተሃል። ሁለቱ ውስብስብ ፊደላት «ሾዋ» ናቸው፣ የንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ዘመን ስም። መስቀሉ 10፣ ጭራው የተቆለመመው 7፤ ሾዋ 17 ማለት ነው። የሾዋን ዓመት ወደ አውሮፓ ለመቀየር 1925 ደምር፤ 1942 ይሆናል። ሁለቱ ዘንበል ያሉ ጭረቶች፣ ጫፉ ያልገጠመ ጣሪያ የሚመስሉት፣ 8 ናቸው፤ ነሐሴ አካባቢ ያለው ስምንተኛው ወር። ብዙ ስለት ወይ 2ኛው ወይ 8ኛው ወር ስለሚጻፍበት በቀኑ አትገረም፤ የቆየ ልማድ ነው።

«300 ዓመት» የሚለው እዚህ ላይ አበቃ።

መልስ — ሰሜን ኮከብ

ማኅተሙም ይናገራል። በክብ ክፈፍ ውስጥ ያለ አንድ ፊደል ከሆነ ወይ የሴኪ ከተማ ወይ የሾዋ ማኅተም ነው። ሁለቱም የሚነግሩን ስለቱ ሾዋቶ መሆኑን ነው፤ ማለትም ከዘመናዊ ብረት የተሠራ፣ በባህላዊው መንገድ ታጥፎ ያልተቀጠቀጠ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዘይት የተጠለቀ። የኮከብ ማኅተም ቢሆን ነገሩ ይለወጥ ነበር፤ ኮከብ የጦር ሠራዊቱ የተቀበላቸው አንጥረኞች በባህላዊ ብረት የሠሩት ነው። በክብ ውስጥ ያለ መልሕቅ ደግሞ የቶዮካዋ ባሕር ኃይል መሣሪያ ፋብሪካ ነው።

አንድ ነገር ግን ላርም፤ «ማኅተም የለውም፣ ስለዚህ በእጅ የተሠራ ነው» የሚሉ ሻጮች አሉ። ትክክል አይደለም፤ ያለ ማኅተም የወጣ ሾዋቶ ሞልቷል። «ሁለት ቀዳዳ ካለው የጥንት ነው» የሚለውም እንዲሁ። ጥንታዊ ስለት ሲያጥር አዲስ ቀዳዳ ይበሳበታል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን በጦርነቱ መጨረሻ የወጣው ቀለል ያለ የመኮንን ጎራዴም በዲዛይኑ ሁለት ችንካር አለው።

አሁን ስለቱን ራሱን እይ። ጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ አምፖል ብቻ አብራና ጫፉን ወደ ብርሃኑ አቅንተህ በጎን ተመልከት። በሚቆርጠው ወገን የሚሄደው ነጭ መስመር ሐሞን ይባላል። በሙቀትና በድንገተኛ ቅዝቃዜ የመጣ ሐሞን ውስጡ ጭጋግ ወይም ደቃቅ ብልጭታ አለው። በአሲድ የተሳለ ግን ጠፍጣፋ ግራጫ ነው፣ ብርሃኑን ብታዘዋውር አይለወጥም። ዘይት የተጠለቀው ላይ ብዙ ጊዜ የማዕበሉ ጫፎች ውስጥ ጠቆር ያለ ጥላ ይታያል።

ሐሞኑ ጫፉ ድረስ ሄዶ መታጠፉን አረጋግጥ። ጫፉ ተሰብሮ እንደገና ከተሞረደ መስመሩ ይቋረጣል፤ ይህ የማይድን ጉድለት ነው። ከዚህ የከፋው ሐጊሬ ነው፣ ከስለቱ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ የሚገባ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ። በቀን ብርሃን፣ በ10 እጥፍ ማጉያ መስታወት ጠርዙን ጣት በጣት ፈልግ። ሐጊሬ ያለውን ግድግዳ ላይ ለመስቀል ካልሆነ አትግዛው። ትንሽ ሽርፍራፊና መጠነኛ መጉበጥ ግን በባለሙያ ይስተካከላል።

ርዝመቱን ስትለካ ከጫፉ እስከ ሐባኪው ሥር ባለው የጀርባ እርከን ድረስ ቀጥ ባለ መስመር ለካ። 60.6 ሳንቲ ሜትር እና ከዚያ በላይ ካታና ይባላል።

መልስ — ጋሽ ባለአፎት

እንግዲህ ወደ ዋጋው። ገበያ ይወጣል ይወርዳል፤ እኔ የምሰጠው የአሜሪካን ገበያ ግምት ነው። አስመስሎ የተሠራ ከ150 ዶላር አይበልጥም። ቁጥሩ የገጠመ ዓይነት 95 ከ600 እስከ 1,000፤ ያልገጠመው ቢያንስ ሲሶው ይቀነሳል። ዓይነት 98 ከሾዋቶ ጋር ከ800 እስከ 1,300። ኮከብ ያለበት ከ2,000 ይጀምራል። ከ1933 እስከ 1945 በቶኪዮው ያሱኩኒ መቅደስ የተቀጠቀጡት ያሱኩኒቶ ከዚያም በላይ ናቸው። የደቡብ ማንቹሪያ ባቡር ኩባንያ የሠራቸው ባህላዊ ባይሆኑም ከተራ ሾዋቶ በላይ ይፈለጋሉ።

የሚጨምሩ ነገሮችም አሉ። እጀታው ራስ ላይ የብር የቤተሰብ ዓርማ፣ ማርኮ ያመጣው ወታደር የያዘው የፈቃድ ወረቀት፣ የባለቤቱ ስም የተጻፈበት የእንጨት መለያ። ከእጀታው የሚንጠለጠለው ገመድም ማዕረግ ይነግራል፤ ቡናማና ሰማያዊ እስከ ሻምበል ላሉት፣ ቡናማና ቀይ ከሻለቃ እስከ ኮሎኔል፣ ቀይና ወርቃማ ለጄኔራል። ገመድ ግን ለብቻው ተሠርቶ ስለሚሸጥ በሱ ብቻ ዋጋ አትጨምር።

ለመጀመሪያው 900 በል፣ ከ1,000 አትለፍ። አንዱ 112 የሚለው ቀለበት ብዙ አይጎዳውም። ሁለተኛውን ከ400 በላይ ካለ ተወው።

ማስወልወልንም አትሰብ። የሠለጠነ የጃፓን ስለት አንጸባራቂ ለአንድ ኢንች ከ100 ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ 26 ኢንች ስለት 2,600 መሆኑ ነው። የ1,000 ዶላር ሾዋቶ ያን አይመልስም። በማሽን የሚሞርድ ደግሞ የጎኑን ማዕዘን አክቦ ያጠፋዋል።

ጥያቄ — የለንደኗ

ጋሼ፣ እርስዎን ልጠይቅ። እዚህ እንግሊዝ 50 ሳንቲ ሜትር እና ከዚያ በላይ ያለው ጠማማ ጎራዴ መሸጥ ክልክል ነው ሲባል እሰማለሁ። የጃፓኑንም ይመለከታል? ወደ ጃፓን ልኬ ማስወልወልስ እችላለሁ?

መልስ — ጋሽ ባለአፎት

ልጄ፣ ከ2008 ጀምሮ ክልከላው አለ፤ ነገር ግን ከ1954 በፊት የተሠራ ወይም በባህላዊው የእጅ መንገድ የተሠራ መሆኑን ማስረዳት መከላከያ ይሆናል። የናካጎውን ፎቶ ከቀኑ ጋር ከሽያጩ ወረቀት ጋር አያይዘሽ አስቀምጪ። ወደ ጃፓን ግን ሾዋቶ እንዳትልኪ። እዚያ የሚመዘገበው በባህላዊ መንገድ የተሠራ ብቻ ስለሆነ የፋብሪካው ስለት ተወርሶ ይቀራል።

ጀማሪ ሰብሳቢ

የመጀመሪያውን በ925 ዶላር ተስማማን፤ ሁለተኛውን ተውኩት። ሐጊሬ አላገኘሁም። ስገጣጥመውና ሳስቀምጠው ምን ልጠንቀቅ?

መልስ — ቀጥቃጭ

ለስላሳ ጥጥ ጨርቅ በንጹሕ አልኮል አርሰህ፣ ስለቱን ከጀርባው ወገን በጨርቁ ይዘህ አሮጌውን ዘይት አንሳ፤ ሁልጊዜ ከሐባኪው ወደ ጫፉ እንጂ ወደ ኋላ አትጥረግ። ከዚያ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ወይም በቅርንፉድ የሸተተውን የጃፓን ዘይት ሁለት ሦስት ጠብታ በጨርቅ አዳርስ፤ እርጥብ ሳይሆን ላብ የነካው መምሰል አለበት። የበዛ ዘይት ወደ አፎቱ እንጨት ይሰርግና አቧራ ይይዛል፣ ያ አቧራ በየመዘዝከው ቁጥር ስለቱን ይጭራል። ናካጎው ዘይት አያስፈልገውም። ዱቄቱን የያዘችውን ነጭ የመወልወያ ኳስ ከዕቃ ጥቅል ጋር ቢሸጡልህም አትጠቀምባት፤ ዱቄቱ ደቃቅ መሞረጃ ነው።

ቀለበቶቹን በፎቶህ ቅደም ተከተል መልስ፤ አንዷ ከቀረች መከታው ይንኳኳል። ችንካሩን ከሰፊው ቀዳዳ በኩል አስገባ፤ ጣት ከሚገፋው በላይ በመዶሻ አትመታው። የተሰነጠቀ ከሆነ ከደረቀ ቀርከሃ አዲስ ፍቀህ ሥራ፤ አሮጌውን ግን አትጣለው፣ ከዕቃው ጋር ይቀመጥ።

አግድም አስተኝተህ፣ የሚቆርጠው ወገን ወደ ላይ ሆኖ አስቀምጥ። በየ3 ወሩ መዝዘህ እይ፤ ዘይቱን በዓመት ሁለቴ ቀይር። ምድር ቤት ውስጥ የሚኖር ከሆነ ግን እርጥበቱ ስለሚበዛ በየወሩ ተመልከተው።