በቤት የሚጋገር የአጃና የፍራፍሬ መክሰስ፦ አንዱ ይፈረፈራል፣ ሌላው ይደርቃል

ጥያቄ (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

የተከበራችሁ ወገኖች፣ እንደምን ከረማችሁ? የልጆች እናት ነኝ። ለትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ የሚሆን፣ ከሱቅ ብስኩት የተሻለ መክሰስ ፈልጌ በአጃና በፍራፍሬ የሚሠራውን፣ በአራት ማዕዘን እየተቆረጠ የሚበላውን ዓይነት ቤት ውስጥ መጋገር ጀምሬአለሁ። የምሠራው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው የበሰለ ሙዝ ተደፍጥጦ ከአጃ፣ ከተምርና ከጥቂት ዘይት ጋር ይለወስና በኤሌክትሪክ ኦቨን የሚጋገረው ነው፤ ጣዕሙ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ቢላዋ ሲያርፍበት ይፈረፈራል፤ ልጆቹ ቦርሳ ውስጥ ሲደርስማ ለመልቀም እንኳ አይመችም። ሁለተኛው ስኳርና ማር ከትንሽ ውሃ ጋር ፈልቶ ሽሮፕ ከሆነ በኋላ በታመሰ አጃ፣ በለውዝና በዘቢብ ላይ ፈስሶ እንዲረጋ የሚተወው ሲሆን፣ እርሱ ደግሞ ጥርስ አያስገባም። የአሠራር መመሪያው ሽሮፑ 115 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይፍላ ስለሚል በምግብ ቴርሞሜትር እየለካሁ ልክ 115 ሲሞላ አወርደዋለሁ።

አጃውን አንዳንድ ጊዜ በካርቶን የታሸገውን ጠፍጣፋውን እገዛለሁ፤ ዋጋው ስለሚከብድ ግን ብዙውን ጊዜ ከሰኞ ገበያ የተፈተገ የሀገራችንን አጃ ገዝቼ ሸርከት አስደርጌ አስፈጫለሁ። በጾም ወቅትም ስለምሠራው ቅቤና እንቁላል የማይገባበትን መንገድ ብትጠቁሙኝ እመርጣለሁ።

መልስ (ከደሴ፣ ሆጤ)

እህቴ፣ የሁለቱ ችግሮች ምክንያት ለየቅል ስለሆነ በአንድ ዘዴ ሁለቱንም ማስተካከል አይቻልም። ከቀላሉ ልነሣ። ሽሮፑን ያደረቀብዎ የከተማችን ከፍታ ነው። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ በምትገኘው ደሴ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ሽሮፕ የሚወፍረው ውሃው እየተነነ የስኳሩ ድርሻ እየበዛ ሲሄድ ነው፤ በቴርሞሜትሩ የሚነበበው ቁጥርም በተዘዋዋሪ የሚነግረን ምን ያህል ውሃ እንደቀረ ነው። ስለዚህ ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈው 115 እኛ ዘንድ ሲደርስ 107 አካባቢ መሆን ነበረበት። እርስዎ 115 እስኪሞላ ሲጠብቁ ሽሮፑ ለስላሳ የሚሆንበትን ደረጃ አልፎ ወደ ደረቅ ከረሜላ እየተጠጋ ነው ማለት ነው።

የራስዎን ማስተካከያ ለማወቅ ንጹሕ ውሃ አፍልተው ቴርሞሜትሩን ይንከሩበት፤ ውሃው በሚንተከተክበት ጊዜ የሚያነቡትን ቁጥር ከ100 ቀንሰው፣ የተገኘውን ልዩነት መመሪያው ከሚሰጥዎ ቁጥር ላይ ይቀንሱ። ይህ አሠራር የከፍታውን ብቻ ሳይሆን የቴርሞሜትሩንም ጉድለት አብሮ ያርማል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ደግሞ ከሽሮፑ ጠብታ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጎ በጣቱ ይሰብስበው፤ ለስላሳ ሆኖ የሚድቦለቦልና ሲጫኑት የሚጠፈጠፍ ከሆነ ጊዜው ደርሷል፤ ሲጫኑት የማይበገር ከሆነ አልፏል። እኔ በግሌ ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ይህንኛውን አምናለሁ።

አሁን ወደሚፈረፈረው እንምጣ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የአጃው ዓይነት ይመስለኛል። በካርቶን የሚሸጠው ጠፍጣፋ አጃ ፋብሪካ ውስጥ በእንፋሎት በስሎ በከባድ ጥቅል ብረት መካከል እየተዳመጠ የወጣ ነው፤ ስለዚህ የሙዙን እርጥበት ቶሎ ይጠጣል፣ ሲጠጣም ይሙለጨለጫል፣ ያ ሙልጭልጭነት ነው የሚያያይዘው። በደጋው ገብስ መካከል ሳይቀር የሚበቅለው የእኛ አጃ ግን ተፈትጎ ሸርከት ቢደረግም ጥሬ ነው። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ የኦቨን ቆይታ ውስጡ ድረስ ውሃ አይገባለትም፤ ፍሬው ለብቻው፣ ሙዙም ለብቻው ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሸርክቱን እንደ ቅንጬ አድርገው፣ ነገር ግን በአነስተኛ ውሃ፣ ግማሽ በሰል እስኪል ቀቅለው ውሃው ሙሉ በሙሉ ሲመጠጥ ያውርዱት፤ ከዚያም በምጣድ ላይ ዘርግተው ላዩ እስኪደርቅ ድረስ በለዘበ እሳት ያማስሉት። ድካም አለው፤ ሆኖም ውጤቱ በካርቶን ከሚሸጠው ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ የሀገር አጃ የራሱ የሆነ የቆሎ ቃና አለውና። በነገራችን ላይ፣ ሳይታመስ የተፈጨ አጃ ረዘም ላለ ጊዜ ከተቀመጠ ቅባቱ ተበላሽቶ ምሬት ያመጣል፤ ስለዚህ ለአንድ ጊዜ የሚበቃዎትን ብቻ ያስፈጩ።

እንቁላሉን የሚተካልዎ ተልባ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ከሦስት ማንኪያ ውሃ ጋር ቀላቅለው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢተዉት እንደ እንቁላል ነጭ ይለጋል። ተልባው ጥሬውን ወይም ትንሽ ብቻ ሞቅ ተደርጎ የተፈጨ ይሁን፤ ክፉኛ የታመሰው የመያያዝ ኃይሉ ይቀንሳል።

ልኩን ለሚፈልግ፦ 200 ግራም አጃ፣ ፍሬው የወጣለት 150 ግራም ተምር በሙቅ ውሃ ርሶ የተደፈጠጠ፣ ልጣጩ የጠቋቆረ ሁለት ሙዝ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ እላይ ያልነው የተልባ ልጋግ፣ አንድ እፍኝ ሰሊጥና ቁንጥር ጨው። ለመዓዛ ኮረሪማ ወይም ቀረፋ ይበቃል። በ170 ዲግሪ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይጋገር።

መልስ (ከኮምቦልቻ)

ከላይ የተሰጠው ምክር መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለት ነገር የተዘለለ መሰለኝ።

አንደኛ፣ መፈረፈሩ በአጃው ብቻ አይመካኝም፤ መጠቅጠቅና ማቀዝቀዝ ወሳኝ ናቸው። ሊጡ እቃው ላይ ከተገለበጠ በኋላ በማንኪያ ዳበስ ዳበስ አድርጎ መተው አይበቃም። ከሥሩ ዘይት የተቀባ ጠፍጣፋ ብርጭቆ ይዛችሁ ከጠርዝ ጀምሮ ወደ መሐል፣ ክንዳችሁ እስኪሰማው ድረስ እየጫናችሁ ጠቅጥቁት፤ ውፍረቱ ሁለት ጣት እንዳይበልጥ፣ ከአንድ ጣትም እንዳያንስ አድርጉ። ከኦቨን እንደወጣ ያለው ለስላሳነት ያልበሰለ ያስመስለዋልና ብዙ ሰው ሳይበርድ ይቆርጠዋል ወይም መልሶ ያስገባዋል። ሁለቱም ያበላሹታል። እንደተጋገረ በእቃው ውስጥ እንዳለ ይብረድ፤ ሲበርድ ማሩና ተምሩ ይጠነክራሉ፤ ከዚያ በትልቅ ቢላዋ፣ እንደ መጋዝ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ በመጫን ይቆረጥ። አሠራሩ ከጭኮ ብዙም አይርቅም፤ ጭኮንም የሚያስውበው መታሸቱና በደንብ መጠቅጠቁ ነው።

ሁለተኛ፣ ኦቨን የሌለው ወይም መብራት የሚጠፋበት ቤት ሞልቷል። ድፎ ዳቦ የሚጋግር ሰው ይህን መክሰስ ለመጋገር አዲስ ነገር አያስፈልገውም። ሰፊ የብረት ድስት ውስጥ ከሥሩ ጥቂት ደረቅ አሸዋ ወይም ሦስት ትናንሽ ጠጠሮች አድርጎ፣ ሊጡን የያዘውን ዝቅ ያለ ሳህን በላዩ ማስቀመጥ፣ ድስቱን በብረት ክዳን መክደንና ክዳኑ ላይ ፍም ማድረግ ነው። ከታች ያለው ከሰል ጥቂት፣ ከላይ ያለው ይበልጥ ይሁን፤ ማርና ተምር ያለበት ሊጥ ከሥሩ ቶሎ ያርራልና። ከሥር ኮባ ወይም የሙዝ ቅጠል ቢነጠፍ መጣበቁን ይከላከላል፤ ቅጠሉን አስቀድሞ በእሳት ወላፈን ላይ አጠውልጎ፣ የመሐሉን ወፍራም ጅማት አውጥቶ መጠቀም ነው። መድረሱ የሚታወቀው ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ከእቃው ግድግዳ ትንሽ ሲሸሽ ነው። በኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ ለመጋገር የሚሞክሩ አሉ፤ ሙቀቱ ከታች ብቻ ስለሆነ እኔ አልመክረውም።

ስለ ዋጋ ካነሣን፣ ተምር በረመዳን ዋዜማ ገበያውን ሲሞላው መግዛትና በደንብ ከድኖ ማስቀመጥ ያዋጣል። ደረቁ ተምር ብዙ ጊዜ ይቆያል።

መልስ (ከመርሳ)

በመሐሉ ፍራፍሬው ተረሳ። ሙዝና ተምር ብቻ ለምን? እዚህ እኛ ጋ፣ ከግራና ጭምር፣ የሚወጣው ማንጎ በወቅቱ ሲትረፈረፍ እየበሰበሰ የሚጣለው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ትኩስ ማንጎ ወይም ፓፓያ እንዳለ ከአጃ ጋር መለወስ ትልቅ ስሕተት ነው፤ አብዛኛው ክፍላቸው ውሃ ስለሆነ መክሰሱ መሐሉ ሳይበስል ላዩ ያርራል፣ በማግስቱም ይሻግታል። ሁለት አማራጭ አለ።

አንዱ ማድረቅ ነው። ማንጎው ጠንከር እንዳለ ተልጦ በስስ ይቆረጥ፣ እንዳይጠቁር የሎሚ ጭማቂ ይረጭበት፣ በንጹሕ ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ተዘርግቶ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ማታ ማታ ጤዛ ስለሚመልሰው ወደ ቤት ይግባ። ቁራጩ ሲታጠፍ የማይሰበር፣ ሲጫኑትም ጠብታ የማያወጣ ሲሆን ደርሷል። ይህ በእኛ ቆላ ይሠራል፤ ደሴ ላይ ግን በጉም ወራት ፀሐይን ተማምኖ ማንጎ ማስጣት ማለት ሻጋታን መጋበዝ ነው። እዚያ ኦቨኑን በ60 ወይም በ70 ዲግሪ ለኩሶ፣ እንፋሎቱ እንዲወጣ በሩን ገርበብ አድርጎ ለሰዓታት መተው ይሻላል።

ሌላው ማርማላታ ማድረግ ነው። ማንጎው ተደፍጥጦ ያለ ውሃ፣ ከጥቂት ስኳርና ከሎሚ ጋር እየተማሰለ ይፍላ፤ ማማሰያው የድስቱን ሥር ሲጠርገው ጥርጊያው ወዲያው የማይሞላ ሲሆን በቅቷል። ከዚያ የአጃው ሊጥ ግማሹ ከታች ተጠቅጥቆ፣ ማርማላታው በስሱ ተቀብቶ፣ ቀሪው ከላይ ይጠቀጠቃል። ለእኔ ከሁሉ የሚጥመኝ ይህ ነው። ብርቱካንን በተመለከተ ጭማቂውን ለመጠጥ ትቶ የልጣጩን ብርቱካናማ ክፍል ብቻ ፍቆ መጨመር ነው፤ ነጩ ይመርራል።

ጠያቂዋ (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሃ አፍልቼ ስለካ ቴርሞሜትሬ 92 አሳየኝ፤ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ገና ዓመት ያልሞላው ሕፃን ቤት ውስጥ ስላለ ታላላቆቹ ሲበሉ እርሱም እጁን ይዘረጋል፤ ብሰጠው ይጎዳዋል ወይ? ደግሞስ ተጋግሮ ስንት ቀን ይቆያል?

መልስ (ከደሴ፣ ሆጤ)

ማር ያለበትን አይስጡት። ማር ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል፤ የትልቅ ሰው አንጀት ይቋቋመዋል፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን አይቋቋመውም፤ የባክቴሪያው ዘር በኦቨን ሙቀት ይሞታል ብለው እንዳይተማመኑም። ለእርሱ ያለ ማርና ያለ ስኳር፣ በሙዝና በተልባ ብቻ የተለወሰ፣ በጣት የሚፈርስ ለስላሳ ቁራጭ ለብቻው ይጋግሩለት። ሙሉ ለውዝና ሙሉ ዘቢብም ለትንንሽ ልጆች ጉሮሮ አደገኛ ስለሆነ ለውዙ ይወቀጥ፣ ዘቢቡ ይከተፍ።

ስለ ቆይታው፣ በሽሮፕ የተያያዘው ደረቅ ስለሆነ ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ ከሳምንት በላይ ይቆያል። ሙዝ ያለበት ግን እርጥብ ነው፤ በደሴ ብርድ ሦስት ቀን ቢቆይ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ ከሁለት ቀን በላይ ባላምነው እመርጣለሁ። በርከት አድርገው ከጋገሩ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ጠቅልለው በረዶ ቤት ያስገቡት፤ ጠዋት ከዚያ አውጥተው ምሳ ዕቃ ውስጥ ቢከቱት እስከ እረፍት ሰዓት በረዶው ለቆት ይደርሳል።