የድሮ ሂሉክስ ጋቢና ጎሚኒ ቅያሬ

ሂሉክስ85፦ ባለ አንድ ጋቢና የ1985 ሂሉክስ ነው። ጋቢናውን ከሻንሲው (ከታች ካለው የመኪናው የብረት ክፈፍ) የሚያያዙት ጎሚኒዎች (የጎማ ትራሶች) አልቀዋል፤ የሾፌሩ በር ከኋላ ከፍ ብሎ መቆለፊያውን ይስታል። ጋቢናው ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት? ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ ቢገባስ?

ሻንሲ፦ አይነሳም፣ በየተራ በአንድ ጎን ይሠራል። ቡሎኖቹን ከዋዜማው የዝገት ማላቀቂያ ንፋባቸው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀልና የፋኑን መከለያ ፍታ፤ ካልሆነ ጋቢናው ሲነሳ ከፋኑ ጋር ይጋጫል። የሌላውን ጎን ቡሎኖች አላላቸው እንጂ አታውጣ። ክሪኩን በወፍራም ጣውላ ላይ አድርገህ የወለሉን ማጠናከሪያ ግፋ፤ ባዶ ላሜራ ከገፋህ ይጎደጉዳል። አሮጌው ጎሚኒ እስኪወጣ ብቻ አንሳ፣ የፍሬን ቱቦና የመሪውን ዘንግ እያየህ።

የጎማ ቁራጭ ግን ተወው። በላይኛውና በታችኛው ጎሚኒ መካከል የብረት ቱቦ አለ፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ጎሚኒው ከልክ በላይ እንዳይጨፈለቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ዝገት በልቶ ካሳጠረው አዲሱ ጎሚኒም ቶሎ ያልቃል። ለማስገባት የሳሙና ውሃ ተጠቀም፤ ግራሶ ጎሚኒ ያበላሻል።

ራንዴላ፦ በሩን ለማስተካከል ከመሞከርህ በፊት ከፍተህ ጫፉን ወደ ላይ አንሳው። ከተወዛወዘ ማጠፊያውም አልቋል፣ መጀመሪያ እሱን አሠራ። በሩ ከኋላ ከፍ የሚለው የጋቢናው ፊት ሲሰምጥ ነው፤ ከፊተኛው ጎሚኒ ሥር ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ራንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት) ጨምር፣ በሩን ዝጋና እይ። ሁሉም ቡሎን በእጅ ገብቶ ክፍተቱ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ በየተራ አጥብቅ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ማጥበቁን ድገመው።

ሻንሲ፦ ወለሉ ውስጥ የተበየደው ዳዶ (ቡሎኑ የሚገባበት ጥርስ ያለው ብረት) ከቡሎኑ ጋር ከዞረ በግድ አትፍታው፤ ምንጣፉን አንስተህ ከላይ ያዘው።