ምክር ቤቱ ያጸደቀው የብድር ስምምነት የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ያስራል ወይ?

የማታ ተማሪ

ባለፈው ሳምንት ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አንድ የብድር ስምምነት ማጽደቂያ አዋጅ ገዝቼ፣ እዚያው አራት ኪሎ ካለ ሻይ ቤት ተቀምጬ አነበብሁት። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ንባቡ አለቀ። መግቢያው ስምምነቱ መፈረሙንና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀበሉን ይገልጻል፤ ቀጥሎ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 12 መሠረት «የሚከተለው ታውጇል» ይልና አጭር ርዕስ፣ ስለ ስምምነቱ መጽደቅ፣ ለገንዘብ ሚኒስቴር ስለ ተሰጠ ሥልጣን፣ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ የሚሉ አራት ድንጋጌዎች ይከተላሉ። የብድሩ መጠንና የፕሮጀክቱ ስም ተጽፏል፤ መንግሥት ምን ምን ለማድረግ እንደ ተስማማ የሚናገረው ሰነድ ግን አብሮ አልታተመም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ምክር ቤቱ ስምምነቱን በንዑስ አንቀጽ 12 ሥልጣኑ ካጸደቀ በኋላ፣ በሚቀጥለው ሰኔ በንዑስ አንቀጽ 11 ሥልጣኑ በጀት ሲያጸድቅ «ለዚህ ስምምነት ገንዘብ አልመድብም» ለማለት ይችላል? ሁለቱ ሥልጣኖች ቢጋጩ የሚረታው የትኛው ነው?

የልደታ ጠበቃ

መልሱ ክርክሩ የሚነሣው ማን ፊት ነው በሚለው ይለያያል። አገር ውስጥ ከሆነ መነሻችን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ነው፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ የሕግ አካል መሆናቸውን ይደነግጋል፣ ነገር ግን ከአዋጅ በላይ ይሁኑ ከአዋጅ እኩል አይናገርም። እኩል ናቸው የሚለውን የተቀበለ ሰው የኋለኛው ሕግ የፊተኛውን ይሽራል በሚለው መርህ ተመርኩዞ፣ የበጀት አዋጁ ስምምነቱን በአገር ውስጥ ሊያልፈው ይችላል ብሎ መከራከር አያቅተውም። ፈተና ላይ ይህን ብቻ ጽፎ የወጣ ተማሪ ግን ግማሽ ነጥብ ቢያገኝ ነው።

ክርክሩ ከአበዳሪው ጋር ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ስለ ስምምነቶች ሕግ የሚደነግገው የቪየና ስምምነት በአንቀጽ 27 እንደሚለው፣ አንድ ተዋዋይ አገር ግዴታውን ላለመፈጸም የራሱን የአገር ውስጥ ሕግ ምክንያት አድርጎ ማቅረብ አይችልም። አንቀጽ 46 ጠባብ ቀዳዳ ቢተውም፣ የሚያገለግለው አገሪቱ ለመዋዋል የሰጠችው ፈቃድ ራሱ የሥልጣን ሕግን በግልጽ ጥሶ ለተሰጠበት ሁኔታ ብቻ ነው፤ አጽድቆ ገንዘብ ለከለከለ ምክር ቤት አይጠቅምም። የዓለም ባንክ አጠቃላይ የብድር ሁኔታዎችም የተበዳሪው አገር ሕግ ተቃራኒውን ቢል እንኳ ግዴታዎቹ እንደሚጸኑ ይናገራሉ። ስለዚህ ምክር ቤቱ «አልመድብም» ማለት ይችላል፤ መዘዙን ግን በድምፅ ብልጫ ማስቀረት አይችልም፤ አበዳሪው ያልተለቀቀውን ገንዘብ ሊያግድ፣ ከፍ ሲል ደግሞ የተለቀቀው ከቀነ ገደቡ በፊት እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል።

ስምምነቱ አብሮ አልታተመም ላሉት፣ ጉዳዩ የቆየ ነው። የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአዋጅ ሲጸድቅ ሙሉ ቃሉ በነጋሪት ጋዜጣ አልወጣም ነበር፤ ሆኖም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 ጠቅሶ ወስኖበታል።

ጡረተኛ የበጀት ባለሙያ

በሕጉ ከጠበቃው ጋር አልከራከርም። ይሁን እንጂ ልጄ፣ በጀቱን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስረው ስምምነት ወደ ምክር ቤቱ የሚመጣው ነው ብለህ እንዳትነሣ። የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው የራሱ መመሪያ፣ ድርጅቱ ከአባል አገሮች ጋር የሚገባባቸው የብድር ፕሮግራሞች ዓለም አቀፍ ስምምነቶች እንዳልሆኑ በግልጽ ይናገራል። መንግሥት ሊወስዳቸው ያሰባቸውን እርምጃዎች የሚዘረዝር የሐሳብ መግለጫ ደብዳቤ ይልካል፣ የድርጅቱ ቦርድ ይወስናል፣ ገንዘቡም በየግምገማው ይለቀቃል። «ስምምነት» ካልሆነ ደግሞ ንዑስ አንቀጽ 12 አይደርስበትም።

የቅርቡን እናንሣ። ምክር ቤቱ የ2017ን በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር አድርጎ ያጸደቀው ሰኔ 27 ቀን 2016 ነበር። ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በዚያው ዕለትም የገንዘብ ድርጅቱ ቦርድ የአራት ዓመቱን የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ። በጀቱ ገና አንድ ወር አልሞላውም ነበር። በዶላር የሚከፈል ዕዳ ብር በረከሰ ቁጥር በብር ይከብዳል፤ ከውጭ የሚገባውም ዕቃ እንዲሁ። ኅዳር 2017 ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ለምክር ቤቱ ቀረበና ጸደቀ። ምንዛሪውን መልቀቅ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እኔ የማነሣው ቅደም ተከተሉን ነው። ምክር ቤቱ በኅዳር ድምፅ የሰጠው በሐምሌ ለተቆረጠ ጉዳይ ሒሳብ ነበር።

በሥራ ዘመኔ የበጀት ጣሪያ ስናወጣ ገና በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ከጠቅላላው ላይ የዕዳ ክፍያን እናነሣ ነበር፤ ከዚያ ደመወዝን፣ ከዚያ ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማ። ከቀረው ላይ ደግሞ በውጭ ብድር ለሚሠሩ ፕሮጀክቶች የመንግሥት መዋጮ ይያዛል፤ መዋጮው ካልተያዘ ብድሩ አይለቀቅምና። መሥሪያ ቤቶች በበጀት ስሚ ላይ እስኪመሽ የሚከራከሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ በተረፈው ነው። «አልመድብም» ማለት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄህ በሕግ ደረጃ የሚያምር ጥያቄ ነው፤ በሠንጠረዡ ላይ ግን ቦታ የለውም።

የማታ ተማሪ

ጋሼ፣ ስለ ቅደም ተከተሉ ያሉት አስተሳሰቤን ለውጦታል፤ አመሰግናለሁ። ታዲያ ምክር ቤት ካጸደቀ በኋላም እጁ ከጉዳዩ የማይወጣበት አገር አለ? ወይስ የሁሉም ዕጣ አንድ ነው?

የካዛንቺስ ኢኮኖሚስት

ለንጽጽር የምትመቸው ጀርመን ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 ሃያ አምስት የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች መዋቅራዊ የበጀት ጉድለታቸውን (የኢኮኖሚው ጊዜያዊ ውጣ ውረድ ሲቀነስ የሚቀረውን ጉድለት) ከአገር ውስጥ ምርት 0.5 በመቶ በታች ለማድረግና ይህንኑ በአገራቸው ሕግ፣ ቢቻል በሕገ መንግሥት ደረጃ፣ ለመደንገግ ተዋዋሉ። በዚያው ዓመት ለተቸገሩ አገሮች የሚያበድር የጋራ ቋት ተቋቋመ። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 12 ቀን 2012 ስምምነቶቹ እንዲጸድቁ ሲፈቅድ ሁለት ቁርጥ ያሉ ነገሮችን አስቀመጠ፦ የጀርመን ተጠያቂነት ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ከ190 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ እንዳያልፍ፣ ምክር ቤቱም ሙሉ መረጃ እንዳይነፈግ። የጀርመን ተወካይ በቋቱ ጉባኤ ላይ በዋና ዋና ጉዳዮች እጁን ከማንሣቱ በፊት የምክር ቤቱን ይሁንታ ይዞ መሄድ አለበት። ማጽደቁ አንድ ጊዜ ተደርጎ አልቀረም።

ጋሼ ያሉት ግን «ወደ ምክር ቤት ቢመጣ ኖሮ ይድን ነበር» ወደሚል መደምደሚያ እንዳይወስደን እፈራለሁ። በሞዛምቢክ እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 መንግሥት ከምክር ቤቱ ተደብቆ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ለሚጠጋ ብድር ዋስትና ሰጠ። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት በጁን 2019 ከዋስትናዎቹ አንዱን ዋጋ የለውም ብሎ ሻረ፤ በዓመቱ የቀሩትን ሻረ። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ መንግሥት እዚያው በ2019 መጨረሻ ከቦንድ ባለቤቶቹ ጋር ተስማምቶ በተሻረው ዋስትና ላይ የቆመውን ዕዳ በ900 ሚሊዮን ዶላር አዲስ ቦንድ ለወጠው። ሕጉ ነፃ ቢያወጣውም፣ ከገበያው ተመልሶ ለመበደር ያለው ፍላጎት አስሮት ነበር።

አብሮ አልታተመም ያሉትን ሰነድ በተመለከተ፣ አበዳሪው የዓለም ባንክ ከሆነ ስምምነቱን በድረ ገጹ ላይ በፕሮጀክቱ ስም ያገኙታል። ብዙ ሰው የሚከፍተው የአከፋፈል ጊዜውን የሚያሳየውን ሦስተኛውን አባሪ ነው። እርስዎ ሁለተኛውን ያንብቡ፤ የትኛው መሥሪያ ቤት ምን እንደሚያቋቁም፣ ምን ሪፖርት በየስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ምን መሟላት እንዳለበት ተዘርዝሯል። ከገዙት አዋጅ ጎን ለጎን አስቀምጠው ቢያነጻጽሩት ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።