የዳክዬዬ ውስጥ እግር አብጧል፤ ምን ላድርግላት?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። በሰፈራችን ዶሮ የሚያረባ ሞልቷል፤ ዳክዬ የያዘ ግን ከእኔ በቀር ስለሌለ የምጠይቀው ጎረቤት አጣሁ።

ከሴቶቹ አንዷ ማንከስ ጀምራለች። የግራ ውስጥ እግሯ አብጦ ይሞቃል፤ መካከሉ ላይ ምስር የሚያህል ጥቁር ቅርፊት ተለጥፏል። መብላቱን አልተወችም፤ ሌሎቹ ወደ ውሃ ገንዳው ሲሮጡ ግን እሷ ቁጭ ብላ ታያቸዋለች። ግቢያችን ሻካራ ድንጋይ ነው። ክረምቱ ደግሞ ማደሪያቸውን አጨቅይቶታል፤ የጤፍ ጭድ ባነጥፍም ወዲያው ይርሳል። ሣር ላይ እንዳላሳድራት ሸለምጥማጡ አለ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ናያሲን የሚባለውን ቫይታሚን እጥረት ነበር፤ ዳክዬ ከዶሮ የበለጠ ናያሲን ትፈልጋለች፣ እኔ የምሰጣቸው ደግሞ የዶሮ መኖ ነው። ነገር ግን እጥረቱ እግር ያጎብጣል እንጂ ቅርፊት አያወጣም። ስለዚህ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በተላጠው ቆዳ ገብቶ መግል አስይዟል ወደሚለው አዘነበልኩ። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ብወስዳት «እረጃትና ተገላገይ» ብሎኝ ሳቀ። ሳቁ ለእሱ ይሁን!

ዳክዬ ያከማችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ለብ ባለ የጨው ውሃ መዘፍዘፉ ብቻ ይበቃል ወይስ መግሉ በባለሙያ መውጣት አለበት? እስክትድን ከገንዳው ልከልክላት? ዓይኗንና አፍንጫዋን የምታጸዳበት ጥልቅ ባልዲ አልነሳትም። በጭዱ ፈንታስ በዚህ ዝናብ ምን ይነጠፋል?