ከሥራ በኋላ አእምሮን የሚያሳርፍ ምን ልያዝ?

ጥያቄ፦
በሒሳብ ሥራ ላይ የተሰማራሁ ስሆን፣ ማታ ቤቴ ከገባሁ በኋላም ቁጥሮቹ ከአእምሮዬ አይወጡም። ስልክ እያገላበጥኩ ማምሸት እንደማያሳርፈኝ ስለተረዳሁ፣ ረጋ የሚያደርገኝን የትርፍ ጊዜ ሥራ ብትጠቁሙኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ፦
እንደ መሶብ ያሉ ዕቃዎች የሚሠሩበትን የሣር ስፌት እመክርዎታለሁ። ስንደዶውን (ውስጡን የሚሞላውን ሣር) እየደረቡ፣ ውኃ ውስጥ ተነክሮ በለሰለሰ አክርማ (መጠቅለያው ሣር) እየጠቀለሉ፣ በወስፌ (በስፌት መውጊያው) እየወጉ ዙሩን ማስፋት በባሕርዩ ዝግ ያለ ሥራ ነው፤ ከቸኮሉ ስፌቱ ይላላል፣ ቅርጹም ይጣመማል። እናቴ መስከረም ላይ ስንደዶ ስትነቅል እያየሁ ባድግም፣ ወስፌ የጨበጥኩት ከ40 ዓመቴ በኋላ ነው፤ ዛሬ ትከሻዬ ሲላቀቅ የሚሰማኝ ሦስተኛውን ዙር ስጀምር ነው። መሶብ ወራት ስለሚፈጅ በማቶት (በጀበና ማስቀመጫ) ይጀምሩ።

ሌላ መልስ፦
እኔን የስፌቱ ዝምታ ለሐሳብ ይበልጥ አጋለጠኝ፤ ያሳረፈኝ በገና ነው። ከበግ አንጀት የሚሠሩት 10 አውታሮች በእንዚራው (ከአውታሮቹ ሥር በሚገቡት ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች) ምክንያት የሚያሰሙት የሚነዝር ድምፅ ደረት ላይ ያርፋል፤ መቃኘቱ ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። በዐቢይ ጾም ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ማታ ማታ ለግማሽ ሰዓት እደረድራለሁ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በማቶቱ ልጀምር ወስኛለሁ፤ አክርማው ቀለም የሚነከረው ከመሰፋቱ በፊት ነው?

የመጀመሪያው መልስ ሰጪ፦
አዎን፤ በፈላ ውኃ ውስጥ ከቀለሙ ጋር ይቀቀልና ጥላ ሥር ይደርቃል። ለመጀመሪያው ማቶት ግን ያልቀለመውን ይጠቀሙ።